የፔጆዋ አዲስ ጆሮ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ከአሮጌ ፔጆ የወረደ ካርቡራቶር ነው። ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ የቤንዚን ሽታው ግን እንደ ጠላ ጋን ጠረን ከውስጡ አልወጣም። ሁለተኛው ከመዳፍ እምብዛም የማይሰፋ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። አንዱ ከባድና ቅባታም፣ ሌላው ቀላልና ደረቅ ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ሞተሩ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ስንት አየር ሳበ? እንኪያስ ስንት ቤንዚን ይገባዋል?

የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። በካርቡራቶር በምትሠራ አሮጌ መኪና ላይ ባለሙያው በእጁ ያቀናጀውን የሞተር መቆጣጠሪያ ሣጥን መግጠም ብዙ ሰው የኮምፒዩተር ሥራ ይመስለዋል። ቀርቦ ላየው አብዛኛው የሞረድ፣ የቶርኖ፣ የፒንሳና የጆሮ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ካላማረ ባይከፈት ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ ምረጥ ብባል ይቸግረኛል። ድሬን ወርክሾፕ አሳደጋት ቢባል ውሸት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በግርጌው አለፈ። በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማይቱ በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። ዋናው የጥገና ወርክሾፕ ግን እዚሁ ድሬ ቀረ። ሸማንደፈር (የብረት መንገድ) የሚለው የፈረንሳይ ቃልም የከተማው ቃል ሆኖ አብሮ ቀረ።

የዚያን ወርክሾፕ ሥራ ሳስብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የሎኮሞቲቭ ዕቃ ሲያልቅ፣ ፋብሪካውም ያንን ዕቃ መሥራት ሲያቆም፣ ለባለሙያው በእጁ ያለው ብቸኛ ንድፍ ያለቀው ዕቃ ራሱ ነው። ያለቀ ዕቃ ደግሞ ይዋሻል። ካሊፐር ብታስገባበት የሚነግርህ ዛሬ ስንት እንደሆነ ነው፤ አንተ የምትፈልገው አዲስ ሳለ ስንት እንደነበረ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን የሚሊ ሜትር ሽራፊ የሚያውቀው ብረቱ በየት በኩል እንደተበላ፣ ለምን በዚያ በኩል እንደተበላ የሚያነብ ዓይን ብቻ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ሣጥናችን ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

(በነገራችን ላይ፣ ባቡሩ ፈረንሳይኛ ሲናገር ጋራዡ ጣልያንኛ ይናገራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ፑሌጃ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ እያለ ያደገ መካኒክ ኢንጀክተርና ሴንሰር የሚሉት ቃላት ሲመጡ አልደነገጠም። የባዕድ ቃልን እንደ ባዕድ ዕቃ አገላብጦ አይቶ፣ ሞርዶ፣ በቦታው ገጠመው።)

መኪናዋ ፔጆ 404 ትሁን። ድሬና ሐረር እሷን ያላወቀ የለም። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆና የዘለቀችበት ዕድሜ የውጭ ጋዜጠኞችን ሳይቀር ካሜራ አስመዝዟል። እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣች፤ መልኳን የሳለው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በፈረንሳይ የአውቶሞቢሏ ምርት የቆመው በ1975 ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም በተከታታይ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። የእኛ ሰው ጠንካራ ናት ሲል ከአድናቆት የመጣ ግነት አይደለም።

ኮፈኗን ስትከፍት ሞተሩ ተጋድሞ ታገኘዋለህ። 45 ዲግሪ ወደ ጎን አዘንብሏል። የፒስተኑ ስፋት 84፣ ጉዞው 73 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያባዛ ሰው ፈገግ ይላል፤ የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 404 ሳንቲ ሜትር ኩብ ከትንሽ ፍርፋሪ ጋር ይመጣለታልና። በአራት ሲባዛ 1618 ነው። መኪናዋ ስሟን ያገኘችው ከፋብሪካው የቁጥር ተራ ስለሆነ ነገሩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ለእኛ ግን ቁጥሩ ጠቃሚ ነው፤ ሣጥኑ ገና ሲነሣ የሚጠይቀው መጀመሪያ ይህንኑ ነውና።

አሁን ወደ አየሩ እንሂድ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ 55 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎ ፓስካል ቢሆን በድሬ 88፣ በሐረር 81 ያህል ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን ምን ያህል እንደሚስበው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ በጅቡቲ ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ሐረር ሲደርስ ከሚገባው 12 ከመቶ ያህል አብልጦ ይሰጣል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ባለቤቱም ኪሱን ይዳብሳል።

ይህን ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል። ያላስተዋልኩት፣ አንድ ቀን ወረቀት ይዤ ስደምር ስቀንስ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። አየርን የሚያሳሳው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትም ነው። ድሬ ማለዳ ላይ 20 ዲግሪ ሆና ከሰዓት 35 ብትገባ፣ አየሯ 5 ከመቶ ያህል ይሳሳል። ከድሬ ወደ ሐረር በአንድ ዓይነት ሙቀት ብትወጣ የሚሳሳው 8 ከመቶ ነው። እንግዲህ ቆማ የዋለች መኪና፣ ከድሬው የከዚራ ሰፈር ጥላ ሳትነቃነቅ፣ በአየሩ ሂሳብ ወደ ሐረር ከሚያወጣው መንገድ እኩሌታውን አልፋ ትመለሳለች ማለት ነው፤ በየቀኑ። ከሰዓት በኋላ ድሬ የሚነፍሰውና ጠዋት በብርድ ሐረር የሚነፍሰው አየር በክብደት ሊለያይ የሚችለው በጥቂቱ ነው። ሾፌሮች «ሐረር ላይ ምንም አልሆነችም እኮ!» ሲሉ ይህ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

ካርቡራቶሩን ግን ለመናቅ አትቸኩሉ። የፈታው ሰው ያውቃል። ተንሳፋፊዋ የቤንዚኑን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ፀጉር የሚያህል ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን መጠኑን ትመጥናለች፤ ሚኒሞው የራሱ ቀጭን መንገድ አለው፤ ነዳጁን በድንገት ስትረግጥ ሞተሩ እንዳይታነቅ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ምራቅ የምታህል ትተፋለታለች። ያለ አንዳች ሽቦ፣ ያለ አንዳች ቁጥር፣ በጉሮሮና በቀዳዳ ብቻ የሚያስብ ነገር ነው። እሱን የተካ ሣጥን ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ በቁጥር መመለስ አለበት። ያቺ ምራቅ የምትተፋ ፓምፕ እንኳ በሣጥኑ ውስጥ የራሷ መስመር አላት። ካርቡራቶርን ፈትቶ ያልገጠመ ሰው ያንን መስመር ሲያይ ለምን እንደተቀመጠ አይገባውም።

ፔጆ ራሱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ 404ን ያለ ካርቡራቶር ሠርቷት ነበር። የጀርመኑ ኩጌልፊሸር የሠራው፣ በሜካኒክ ብቻ የሚሠራ የቤንዚን መርጫ ፓምፕ ተገጠመላት። ጉልበቷም ከ72 ወደ 85 ፈረስ ከፍ አለ። የኩጌልፊሸር ፓምፕ የሚታወቀው ሾጣጣ በሆነች አንዲት የብረት ካም ነው። ካሟ እንደ ፍጥነቱና እንደ ነዳጅ አረጋገጡ ትዞራለች፣ ትንሸራተታለች፤ በገላዋ ላይ ያለው እብጠትና ስርጉደት ስንት ቤንዚን እንደሚሰጥ ይወስናል። በእጅ ብትዳብሳት የሞተሩን ፍላጎት በጣትህ ታነበዋለህ። ይህችን ካም አስታውሱ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ የእሷ የልጅ ልጅ ነው። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ ለቮልክስዋገን 1600 ያቀረበው የኤሌክትሮኒክስ ስርዓት ነው፤ በብዛት ተመርቶ ገበያ በመውጣት የመጀመሪያው።

የልጅ ልጁ ግን ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሰው ጠረጴዛ ወረደ። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ሜጋስኩዌርት ያሉትን ሰሌዳ በጥሬው፣ ገዢው በካውያና በሊድ ራሱ እንዲያቀናጀው አድርገው አወጡት። ከዓመታት በኋላ ጆሽ ስቱዋርት የተባለ አውስትራሊያዊ ስፒዱዊኖን አስከተለ። ንድፉም ፕሮግራሙም ለሁሉ ክፍት ነው። አንጎሉ ተማሪዎች መብራት ማብራት የሚለማመዱበት አርዱዊኖ ሜጋ ነው። በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ፣ 8 ኪሎ ባይት ብቻ የሥራ ማኅደረ ትውስታ ያለው ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ ይስቅበታል። ግን እስቲ አስሉት፦ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ሲዞር አንዱ ዙር 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ አንዲት ዲግሪ 33 ማይክሮ ሰከንድ። በዚያች ዲግሪ ውስጥ ያ ትንሽ አንጎል 500 ጊዜ ያህል ይመታል። ለሥራው ይበቃዋል።

ሣጥኑ ግን ዓይነ ስውር ነው። ክራንክሻፍቱ የት እንደደረሰ የሚነግረው ይፈልጋል። ለዚህ ፑሌጃው ላይ ጥርሳም ጎማ ይገጠማል፤ 36 ጥርስ ሊኖረው ሲገባ አንዱ ይጎድላል። እያንዳንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው። የጎደለው ቦታ «እዚህ ነን» የሚል ምልክት ነው። ከገበያ የተዘጋጀ መግዛት ይቻላል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቆረጥም ይቻላል። የእኔ ዓይን ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ከሚወፍር ለስላሳ ብረት ይቆረጣል፤ ጥርሶቹ ጎናቸው ቀጥ፣ ጥጋቸው ስል መሆን አለበት፤ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥጉን ነውና። ከሁሉ በላይ መሐሉ መሐል መሆን አለበት። በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጎማው በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢያጋድል በሚኒሞ ምንም አይሰማህም፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ምልክቱ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ሰሌዳውን ወቅሰህ፣ ፕሮግራሙን ወቅሰህ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን ከቶርኖው ታገኘዋለህ።

ጎበዝ ባለሙያ እዚህ ጋ አንዲት ነገር ያደርጋል፤ ሳየው ደስ ይለኛል። 404 በእጅ በማኖቬላ ትነሣለች፤ መግቢያው ፊት ለፊት አለ። ጥርሳሙን ጎማ ሲገጥም ያንን መንገድ አይዘጋም። ሴንሰሩንም ሲመርጥ ብረት በፍጥነት ሲያልፍ ብቻ የሚነቃውን ትቶ ዝግ ያለ ጥርስ የሚያየውን ሆል የሚባለውን ይወስዳል። ባትሪዋ ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም ያጣች፣ ፓምፑንና ሣጥኑን ግን ማብራት የምትችል መኪና በማኖቬላ ልትነሣ ትችላለች። የ1960 ብልሃትና የዛሬው ብልሃት ተከባብረው ተቀመጡ ማለት ይህ ነው።

የቤንዚኑ መንገድ ደግሞ አለ። የድሬ ሙቀት ለካርቡራቶር ጠላቱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በፀሐይ ሲቆም ቤንዚኑ በጎድጓዳው ውስጥ ይፈላል፤ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ያነሰ በመሆኑ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ሾፌሩ ጨርቅ አርጥቦ ፓምፑ ላይ ጣል ሲያደርግ ያየ ሁሉ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ይወቅ። በአዲሱ ስርዓት ቤንዚኑ በ3 ባር ግፊት እየዞረ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ በግፊት ያለ ቤንዚን በቀላሉ አይፈላም። ግን ያ 3 ባር የድሮውን ላስቲክ ይቀድደዋል፤ መኪናዋንም ሊያቃጥላት ይችላል። ስለዚህ ቱቦው ለዚሁ ግፊት የተሠራ፣ ማሰሪያው በጥርሱ የማይነክሰው፣ መስመሩ ከማርሚታው የራቀ መሆን አለበት። ሞተሩ በቆመ ቅጽበት ፓምፑን የሚያጠፋ ሪሌም የግድ ነው። መኪናዋ ተገልብጣ ፓምፑ መርጨቱን ቢቀጥል ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ይህን ዘልሎ ስለ ጉልበት የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኢንጀክተሩ ራሱ ቁጥብ ነው። በድሬ የከሰዓት ሙቀት አንዱ ሲሊንደር ነዳጅ ተረግጦ የሚስበው አየር ሲሶ ግራም ያህል ነው፤ የሚገባው ቤንዚን 25 ሚሊ ግራም ገደማ። ከመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ከምትወርድ አንዲት ጠብታ ያንሳል። በሚኒሞ ደግሞ ኢንጀክተሩ ክፍት የሚሆነው ለ2 ወይም ለ3 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዷ ያህል ለመንቃት ብቻ የምትባክን ናት። ባትሪው ሲደክም መንቂያዋ ይረዝማል። ማታ መብራት ሲበራ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሠንጠረዡን ከመነካካት በፊት የዲናሞውን ቺንጋ ተጭኖ ማየት ብልህነት ነው።

ሣጥኑ በጓዳ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ይቀመጣል። አንጎሉ እስከ 85 ዲግሪ ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ የድሬ ፀሐይ ከሞተሩ ግለት ጋር ኮፈን ሥር ሲደመር ያንን መፈተን ከንቱ ነው።

ከገጠማው ሥራ ሽቦውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። አሮጌ መኪና ውስጥ የሚገባ የሽቦ ሥራ የባለሙያውን ጠባይ ያሳያል። የጎበዝ ሽቦ ጥሩ እጅ እንደሠራው ሹሩባ፣ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ሳያስታውቅ በእኩል ጥብቀት የወረደ ይሆናል። ከሴንሰሩ የሚመጣው ሽቦ ከቦቢናው ጋር ጎን ለጎን አይተኛም። በመከለያ የተሸፈነው ገመድ መከለያው ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ከተገናኘ ራሱ አንቴና ሆኖ አረፈው። ሞተሩ በሚነዝርበት በኩል ያለው ጫፍ በሊድ ከሚጣበቅ በመጭመቂያ ፒንሳ ቢጨመቅ ይመረጣል፤ ሊድ የጠጣ ሽቦ ደረቅ ይሆንና በዳሩ ይሰበራል። ሽቦው የሚያልፍበት የላሜራ ቀዳዳ በላስቲክ ይከበባል። በየሽቦው ላይ ስሙ ይጻፋል። የዛሬ አሥር ዓመት ያንን ኮፈን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ ስም የሌለው ሽቦ ለእሱ እርግማን ነው።

በዚህ በኩል የራሴን ኀጢአት ልናዘዝ። በመጀመሪያ ሙከራዬ የሴንሰሮቹን መሬትና የኢንጀክተሮቹን መሬት ለየብቻ፣ ባመቸኝ ቦታ፣ በቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ አሰርኳቸው። ሞተሩ ተነሣ፤ ደስ አለኝ። ሲሞቅ ግን የውሃው ሙቀት በስክሪኑ ላይ ሞተሪኖውን ባዞርኩ ቁጥር ይዘላል፤ መብራት ባበራሁ ቁጥር ይወርዳል። ሣጥኑም ያንን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሦስት ቀን ሠንጠረዥ ስነካካ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ሽቦዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ከሞተሩ ብረት ላይ በአንድ ብሎን፣ ቀለሙን እስከ ነጩ ፍቄ አሰርኳቸው፤ የሴንሰሮቹን መሬት ደግሞ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ዝላዩ ቆመ። የጎደለው ዕውቀት ነበር ብዬ ራሴን አላጽናናም። ትእዛዙ ተጽፎ አንብቤዋለሁ፤ ሰነፍኩ እንጂ።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። ስፒዱዊኖ ላይ 16 በ16 ነው፤ 256 ቤት። ወርዱ የሞተሩ ፍጥነት፣ ቁመቱ በሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት። በየቤቱ አንድ ቁጥር ተጽፏል፦ ሲሊንደሩ በዚህ ፍጥነትና በዚህ ግፊት አቅሙን ስንት ከመቶ ይሞላል? የአየሩን ሙቀትና ከፍታ ሣጥኑ በሴንሰሮቹ ራሱ ያሰላል። የድሬን ጠዋትና ከሰዓት፣ የሐረርን ዳገት ለእሱ ተወው። ሰው የሚሞላው ሴንሰር የማያውቀውን ነው፦ የዚህችን ሞተር ገመና።

የሸማንደፈሩ ያለቀ ዕቃ የሚመለሰው እዚህ ነው። ከሌላ 404 የተቀዳ ሠንጠረዥ ሞተሩን ያስነሣል፤ ግን የሷ አይደለም። የዚህችኛዋ ሦስተኛ ሲሊንደር ቀለበቱ ደክሟል፤ ካሙ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ቴስታታው አንዴ ተልጦ መጭመቋ ከፍ ብሏል። ፋብሪካው ስንት እንደነበረች ይነግርሃል፤ ሠንጠረዡ የሚፈልገው ዛሬ ስንት እንደሆነች ነው። የባቡር ሠራተኛው ካለቀው ብረት ወደ አዲሱ ተመልሶ ያነብ ነበር፤ ይህኛው ባለሙያ ከአዲሱ ወደ ያለቀው ያነባል። ንባቡ አንድ ነው።

እንዴት ይሞላል? ማርሚታው ላይ በሚገባ የኦክስጅን ሴንሰር ድብልቁ ይለካል፤ 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን በሰላም ጉዞ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ 13 ዝቅ። ቁጥሩን እያዩ ቤቱን ማስተካከል ነው። የደንገጎ ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ተረግጦ፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ረጅም ጊዜ መቆየት የምትችልበት መንገድ በሜዳ አይገኝም። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል። ሹፌርነቱና ጽሕፈቱ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን፤ ያ መንገድ ጥምዝምዝ ነው።

ቁጥሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ድብልቁ ትክክል ሆኖ ብልጭታው ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ በመዶሻ እንደተመታ ይንኳኳል፤ ይህን የሚሰማው ጆሮ ነው። ካንዴላውን ፈትቶ አፍንጫውን ማየትም አልቀረም፦ ጥቁርና ዱቄታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭና የተቃጠለ ከሆነ አንሷል፤ ገና ከምጣድ እንደወረደ ቀላ ያለ የሐረር ቡና ከሆነ ደህና ነው። በዚህ ዓይን ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ ላፕቶፕ ባይነካም ከአጠገቡ ይቀመጥ። ወጣቱ ቁጥሩን ሲያይ እሱ «አሁን ተነፈሰች» ይላል፤ ያቺ ቤት ትያዛለች። 256ቱ ቤቶች ሲሞሉ የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ማሽንን በድምፁ መጥራት የለመደ አገር ሞተርን በድምፁ ቢያርም አያስገርምም።

ከሌሎቹ መስመሮች አንዳንዱን ደግሞ ሳይነኩ መተው ያምራል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቤንዚን የሚጨምረው መስመር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። ለድሬ ይህ ቀልድ ነው። ሠሪዎቹ በረዶን አሰቡ እንጂ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ ቆማ ሞተሯ የጋለባትን ፔጆ አላሰቡም። የድሬ ባለሙያ ጊዜውን የሚያፈሰው በሌላው ጫፍ፣ በሙቅ አነሣሡ ላይ ነው።

ሣጥኑ ለማን ይገባል? ለሁሉም አይገባም። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭና ለምትሠራ ታክሲ በደንብ የታጠበ ካርቡራቶር፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና የተስተካከለ ፑንቲና ይሻላታል፤ መንገድ ላይ ብትቆም ላፕቶፕ የሚይዝላት የለምና። ሣጥኑ የሚገባው የሚወዳት ሰው ላላት፣ ለመማሪያ ለምትቀመጥ ነው። ለእሷም ቢሆን ጎበዝ ባለሙያ የመመለሻ መንገዷን አይቆርጥም። ሰውነቷን አይበሳም፤ የአየሩን በር የሚይዘው ላሜራ በካርቡራቶሩ የድሮ ብሎኖች ላይ ይታሰራል፤ ካርቡራቶሩም ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጀርባዋ ሣጥን ይቀመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የእኔም ጨርቁ ተዘጋጅቶለታል።

እንግዲህ አንድ ቀን ድሬ ውስጥ፣ ከጥላ ሥር፣ እንዲህ ያለች 404 ኮፈኗ ተከፍቶ ብታገኙ ባለቤቱ ደስ ብሎት ስክሪኑን ሊያሳያችሁ ይሞክራል። ባለቀለም ነው፤ ያምራል። አመስግኑትና ከሞተሩ ጎን ጎንበስ በሉ። መሬቶቹ ሁሉ የተሰበሰቡባትን ያቺን አንዲት ብሎን ፈልጉ። ዙሪያዋ እስከ ነጩ ተፍቆ ከሆነ፣ ሽቦዎቹም ስማቸው ተጽፎባቸው ከሆነ ባለሙያውን በስሙ ጠይቁና እጁን ጨብጡት።